ላስቲኩ እንዳይላጥ

«ለመላው የፋብሪካችን ሠራተኞች፤ ፋብሪካችን አንድ ጠረጴዛ የተረከበ መሆኑን በታላቅ ደስታ እየገለጽን፣ ሠራተኛው ይህንኑ ተገንዝቦ ተገቢውን ትብብር እንዲያደርግ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ማስታወቂያው ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ተለጠፈ፤ ክብ ማኅተምም ነበረው። ሰበታ ያለው የብስኩት ፋብሪካችን ጠረጴዛ አጥቶ አያውቅም። የምግብ አዳራሹ በጠረጴዛ የተሞላ ነው፤ አንዱማ እግሩ በታጠፈ ካርቶን ተደግፎ ስንት ዘመን ቆሟል፣ ለእሱ ግን ማንም ማስታወቂያ አውጥቶለት አያውቅም። ሠራተኛው ለጠረጴዛ ምን ዓይነት ትብብር እንደሚደረግ እያሰበ ወደ ማሽኑ ሄደ።

ምሳ ሰዓት ላይ ነገሩ ተገለጠ። ጠረጴዛው አረንጓዴ ነው፤ ዙሪያውን ነጭ መስመር ተሰምሮበታል፤ ወገቡ ላይ አጭር መረብ ተወጥሯል። የሠራተኞች ስፖርት ኮሚቴው በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉ ፋብሪካዎች ሁሉ ከዚህ የጠረጴዛ ቴኒስ አንድ አንድ ሰጥቶ፣ ከየጠረጴዛው ጋር አንድ አንድ ካርቶን ጨምሯል። ካርቶኑ ውስጥ ራኬቶችና እንደ እንቁላል የቀለሉ ነጫጭ ኳሶች አሉ። ራኬቱ እንጨት ነው፤ በአንድ ፊቱ ቀይ፣ በሌላው ፊቱ ጥቁር ጎማ ተለብጧል። በጎማው ላይ ደግሞ ስስ፣ የሚያብለጨልጭ ላስቲክ ተለጥፎበታል።

«ይህን ጨዋታ የሚያውቅ እጁን ያውጣ» አሉ የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ኪዳነወልድ፣ ከሁሉም ቀድመው የራሳቸውን እጅ አውጥተው። «እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከዚህ ጠረጴዛ ሥር ነው ያደግኩት ማለት ይቻላል።»

ኤርምያስም አወጣ። ኤርምያስ ፎርክሊፍት ነጂ ነው፤ ቤተሰቡ የቤት ኪራይ ሸሽቶ ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ የመጣ ልጅ። «ቂርቆስ ውስጥ በዚህ ጨዋታ የማይፈራኝ ሰው አልነበረም» አለ። የጥገናው ክፍል በቴሌቪዥን አይቶ ያውቀዋል። የሒሳብ ክፍሉ ደግሞ ወንድሙ ያውቀዋል። ምሳ ከመበላቱ በፊት ፋብሪካው በሙሉ ጨዋታውን የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ።

«እኔ አላውቅም» አለች አሰጋሽ። «እንዴት ነው የሚያዘው?»

አሰጋሽ ማሸጊያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ የብስኩቱ ላስቲክ በደንብ መታሸጉን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ታሳልፋለች። ሁላችንም በሐዘኔታ አየናት።

«እንደ ማንኪያ» አሉ አቶ ኪዳነወልድ፣ ራኬቱን እንደ ማንኪያ ይዘው።

«እንደ መዶሻ ነው እንጂ ጋሼ» አለ ኤርምያስ።

«ዩኒቨርሲቲ እንደ ማንኪያ ነበር።»

«ቂርቆስ ደግሞ እንደ መዶሻ ነው።»

አሰጋሽ እንደ ማንኪያ ያዘችው፤ እንደ መዶሻም ያዘችው። ሁለቱም አልጣማትም። በመጨረሻ ሰው ሰላም ሲላት እንደምትጨብጠው አድርጋ እጀታውን ጨበጠችው፤ ጠቋሚ ጣቷ ከራኬቱ ጀርባ ተንጋሎ ተኛ። እንደዚያው ቀረ።

ደንቡ ብዙ አልነበረም። ኳሷን በተዘረጋ መዳፍሽ ላይ አስቀምጠሽ ወደ ላይ ትወረውሪያለሽ፤ ስትወርድ ትመቻታለሽ። መጀመሪያ በራስሽ ሜዳ ነጥራ፣ መረቡን ተሻግራ፣ በባለጋራሽ ሜዳ ትነጥራለች። እሱም ሁለተኛ ሳትነጥር መመለስ አለበት። ሁለት ሁለት ጊዜ እየተቀያየራችሁ ትጀምራላችሁ፤ አስራ አንድ የሞላ ጨዋታውን ይወስዳል፤ አስር ለአስር ከሆናችሁ ግን አንድ አንድ ጊዜ እየጀመራችሁ፣ ሁለት ነጥብ እስኪበላለጥ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ይህን ሁሉ አቶ ኪዳነወልድ ከካርቶኑ ከወጣች ሥዕል ያለባት ወረቀት ላይ እያዩ፣ ከራሳቸው ትዝታ እንደሚያወሩ ሆነው ነገሩን።

አሁን ስለ ላስቲኩ።

የንብረት ክፍል ኃላፊው ጋሽ በሪሁን ራኬቶቹን ከነላስቲካቸው ነው ተረክበው የፈረሙት። ስለዚህ ከነላስቲካቸው ነው የሚያስረክቡት። «ላስቲኩ እንዳይላጥ» አሉ የመጀመሪያውን ራኬት ሲያወጡ። «ላስቲኩ ከተላጠ ያገለገለ ዕቃ ይባላል። በእኔ ስም ገቢ የሆነው ደግሞ አዲስ ዕቃ ነው።» በየቀኑ ከሥራ መውጫ ላይ ራኬቶቹን ተቀብለው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል ያደርጉና ጠርዝ ጠርዙን ያያሉ። ከዚያ በካናቴራ ጨርቅ ይወለውሏቸዋል።

ይሄ ማንንም አልገረመም። የጋሽ በሪሁን ልጅ የተመረቀች ዕለት ቤታቸው ሄደን ሶፋው ላይ ተቀምጠናል፤ ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልወለቀም፣ ለመነሣት ስንሞክር ሱሪያችን እየጮኸ ነው የተላቀቀው። የቴሌቪዥናቸው ሪሞት ላስቲክ ለብሷል። የጅማ መንገድ ሚኒባሶች ወንበር ላስቲክ ለብሷል። እኛም ብንሆን የስልካችንን ላስቲክ ራሱ ጠርዙ ተቆልምሞ እስኪወድቅ ድረስ የምናቆይ ሰዎች ነን። ንብረት አያያዝ ይሉታል።

አንድ ቀን ግን አሰጋሽ ጠየቀች። «ጋሽ በሪሁን፣ ይሄ ላስቲክ ኳሷን አያንሸራትታትም?»

«እሱን አሠልጣኙን ጠይቂ። እኔ ንብረት ነኝ።»

አሠልጣኙ አቶ ኪዳነወልድ ሆነዋል፤ ማን እንደሾማቸው አይታወቅም። ጥያቄውን ሰምተው ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። «በእኛም ጊዜ ከነላስቲኩ ነበር» አሉ። «ፍጥነት ይጨምራል።»

«ቂርቆስም እንደዛው ነው» አለ ኤርምያስ ከፎርክሊፍቱ ላይ።

ነገሩ እዚህ ላይ ተዘጋ።

አሰጋሽ ጨዋታውን የፈለገችው ለጨዋታ ብላ አይደለም። በዚያው ሰሞን፣ ስፖርት ኮሚቴው በፋብሪካዎቹ መካከል ካዘጋጀው የጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር በኋላ ማሸጊያ ክፍል ተፍኪ ወደተሠራው አዲሱ መጋዘን እንደሚዛወር ተነግሮ ነበር። አሰጋሽ ደግሞ ሰበታ ውስጥ የማታ አካውንቲንግ ትማራለች፤ የቀራት የመጨረሻው ዓመት ነው። ትምህርቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ተፍኪ ሥራ የሚለቀቀው አስራ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ ሚኒባስ ጥበቃ አለ፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጥበቃ አለ፤ ሲሞላ ደግሞ ረዳቱ «አንድ ሰው!» ማለቱን አይተውም። ተፍኪ ሄደች ማለት ትምህርቱን አቆመች ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ዋቆ ቢሮ ገባች።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ዋቆ።»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ግቢ ተቀመጪ። ስለ ተፍኪ ከሆነ ግን አትቀመጪ።»

ተቀመጠች። «ስለ ተፍኪ ነው።»

ኦቦ ዋቆ ሳቁ። ክፉ ሰው አይደሉም። «ስሚ አሰጋሽ፣ ላንቺ ብፈቅድ ነገ ማሸጊያ ክፍል በሙሉ ተማሪ ይሆናል። አሮጌዎቹ ሳይቀሩ ደብተር ገዝተው ነው የሚመጡት። ምን ብዬ ነው አንቺን የማስቀረው?»

«ስፖርተኛ ነች ይበሉ።»

«ስፖርተኛ ነሽ እንዴ?»

«ለጠረጴዛ ቴኒሱ ተመዝግቤያለሁ። ጠረጴዛው ያለው እዚህ ነው፤ ተፍኪ ጠረጴዛ የለም።»

ኦቦ ዋቆ ከኋላቸው ያለውን መደርደሪያ ዞር ብለው አዩ። ፋብሪካው በኖረበት ዘመን ሁሉ ያገኘው ዋንጫ አንድ ነው፤ እሱም «ለተሳትፎ» ይላል። አንገታቸውን እየነቀነቁ ዞሩ። «ቶሌ። እሺ። ዋንጫ አምጪ፤ የተሳትፎ አይደለም፣ የአንደኛ። ካመጣሽ ሰበታ ትቀሪያለሽ፤ ካላመጣሽ ተፍኪ።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

እንደማይሆን ስላወቁ ነው ቃል የገቡት። እሷም ያንን ስላወቀች ነው ቶሎ የወጣችው።

ከዚያ በኋላ አሰጋሽ ምሳዋን ቆማ መብላት ጀመረች። ጠረጴዛው መሐሉ ላይ ይታጠፋል፤ አጫዋች ስታጣ ግማሹን እንደ ግድግዳ ታቆመውና ብቻዋን ትመታለች። ሌላ ጊዜ ኤርምያስን ከፎርክሊፍቱ ላይ ታስወርደዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ኤርምያስ አሸነፋት። ቀጥሎ አልፎ አልፎ አሸነፋት። ከዚያ ቀኝ እጁን ማሸት ጀመረ።

«ዛሬ እጄ ልክ አይደለም፤ ፎርክሊፍቱ ነው። መሪው ከባድ ነው እሙ፣ አታውቂውም።»

«ነገ በግራህ እንሞክራለን።»

«ባክሽ፣ ሼም ነው፣ ሰው ይሰማል።»

አቶ ኪዳነወልድ ምሳቸውን በልተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይመጣሉ። የሚሰጡት ትምህርት አንድ ነው። ኳሷ ስታመልጥ «የእጅ አንጓ!» ይላሉ። ኳሷ ስትገባም «አየሽ? የእጅ አንጓ!» ይላሉ። የእጅ አንጓ ምን መሆን እንዳለበት ግን ከዚያ አልፎ አልተብራራም።

ኳሷ በላስቲኩ ላይ ትንሸራተታለች እንጂ አትያዝም። አሰጋሽ ይህን የጨዋታው ጠባይ አድርጋ ወሰደችው። ወለም ዘለም የማይል አመታት ለመደች፦ ቀጥ ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ ጥግ ጥጉን የሚፈልግ። የምትጠቀምበት ዘዴ የለም፤ ባለጋራዋ እስኪሰለች ድረስ መመለስ ብቻ። ቤቷም ራኬቱን ጋሽ በሪሁን ስለማያስወጡላት፣ በመክተፊያ ጣውላ ግድግዳ ላይ ትመታለች።

«አሰጋሽ፣ ግድግዳዬ ምን አደረገሽ?» አሏት አከራይዋ እትዬ ያለምወርቅ።

«ምንም እትዬ። ከሱ የሚሻል ተጋጣሚ አጥቼ ነው።»

«ታሸንፊዋለሽ?»

«እስካሁን እሱ ነው የሚያሸንፈው።»

«ደግ። እንግዲህ ቀለሙን እንዳትነኪ» ብለው ገቡ።

ውድድሩ ቡራዩ ላይ ተጀመረ። ከቡራዩ፣ ከመናገሻ፣ ከሱሉልታ ፋብሪካዎች መጡ። እያንዳንዱ ፋብሪካ ዩኒቨርሲቲ እያለ የተጫወተ አንድ አሠልጣኝ ይዞ መጥቷል፤ ከአሠልጣኙ ኋላ ደግሞ ካርቶን የታቀፈ አንድ የንብረት ሠራተኛ። አሠልጣኞቹ እርስ በርስ ሲተዋወቁ ስለ ጨዋታው አላወሩም፤ ስለ መንገዱ መበላሸት በሰፊው ተወያዩ።

ዳኛው ኤልቃና ይባላል፤ በሥራው የእግር ኳስ ዳኛ ነው። ፊሽካ ይዞ ነው የመጣው፤ በየነጥቡ ይነፋል። ከመናገሻ የመጣ አንድ ተጫዋች ሲከራከረው ቢጫ ካርድ አሳየው፤ ልጁም የጠረጴዛ ቴኒስ ቢጫ ካርድ ምን እንደሚያስከትል ስለማያውቅ ፈርቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከየጨዋታው በፊት ኤልቃና ራኬቶቹን ይመረምራል። ያገላብጣል፤ በጣቱ ቋ ቋ ያደርጋል፤ «ደንቡን ያሟላል» ብሎ ይመልሳል። የሁሉም ራኬት እንደ መስታወት ያበራ ነበር። የመስኮቱ ብርሃን ራኬቶቹ ላይ እያረፈ ጣሪያው ላይ ይጨፍራል።

አሰጋሽ የቡራዩዋን አሸነፈች። የመናገሻዋንም አሸነፈች፤ ልጅቷ መጨረሻ ላይ «ወይኔ፣ ይቺ ሴትዮ ግድግዳ ናት» ብላ ራኬቷን አስቀመጠች። አሰጋሽ ይህን ምርቃት አድርጋ ወሰደችው።

በሰርቪሱ ወደ ሰበታ ስንመለስ ድሉ ባለቤት በዛበት። አቶ ኪዳነወልድ የእጅ አንጓ ነው አሉ። ኤርምያስ እኔ ነኝ ያዳበርኳት አለ። ጋሽ በሪሁን ደግሞ «ዕቃ በአግባቡ ሲያዝ ሰውን አያሳፍርም» ብለው ካርቶኑን ጭናቸው ላይ ዳበስ አደረጉት። አሰጋሽ መስኮቱን ተደግፋ የፋይናንስ ሂሳብ ደብተሯን ታነብ ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ ቅዳሜ ሱሉልታ ላይ ሆነ፣ በአንድ የውሃ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ። ሱሉልታ ብርዱ ሌላ ነው፤ ኦቦ ዋቆ ጋቢ ደርበው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። የባለመጋዘኑ ፋብሪካ ተጫዋች ሉሲ ትባላለች፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ምላሷም የተሳለ።

«ብስኩቶች!» አለች ሉሲ እጇን እያፍተለተለች። «በሻይ ነው የምትበሉት በባዶው?»

«ውሃውን እናንተ አምጡ፣ ማፍላቱን ለኛ ተዉት» አለች አሰጋሽ።

አዳራሹ ሳቀ። ኤልቃና ለሳቁም ፊሽካ ነፋ። ራኬቶቹን ቋ ቋ አድርጎ መረመረ። «ደንቡን ያሟላሉ።»

የመጀመሪያውን ዙር ሉሲ ወሰደች፤ ሁለተኛውን አሰጋሽ። ሦስተኛው ወሳኝ ነው። በሦስተኛው መጀመሪያ ላይ ሉሲ አንዲት ዝቅ ያለች ኳስ ልትመልስ ስትሞክር ራኬቷ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላተመ። ከዚያ በኋላ አንድ እንግዳ ነገር መጣ። አልፎ አልፎ የሉሲ ኳስ ነጥራ ቀጥ ብላ በመምጣት ፈንታ ወደ ጎን ትታጠፋለች። አሰጋሽ ኳሷ ልትመጣበት በሚገባት ቦታ ላይ ትጠብቃለች፤ ኳሷ በሌላ በኩል ታልፋለች። ሰባት ለሰባት የነበረው ዘጠኝ ለሰባት ሆነ።

«የእጅ አንጓ!» አሉ አቶ ኪዳነወልድ።

ሉሲ ራሷ እንዴት እንደታጠፈላት ስለማታውቅ፣ አውቃ እንዳደረገችው ሰው ፈገግ አለች።

ኳሷ ከጠረጴዛው ሥር ተንከባለለች። አሰጋሽ ልታነሣ ጎንበስ ስትል የሉሲ ራኬት በዓይኗ ትይዩ ሆነ። ከላይ ጥጉ ላይ፣ ጠረጴዛውን የነካበት ቦታ፣ ላስቲኩ ተቀዶ ጎማው ወጥቷል። የቀረው ያበራል፤ ያ ጥግ አያበራም። የታጠፉት ኳሶች ሁሉ ከዚያ ጥግ የተነሡ ነበሩ። አሰጋሽ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«እረፍት» ብላ ጠየቀች። ኤልቃና ነፋ።

ወደ ወንበራችን መጣች። «ጋሽ በሪሁን፣ ላስቲኩን ልላጠው ነው።»

«ምኑን?»

«ላስቲኩን።»

ጋሽ በሪሁን ተነሥተው ቆሙ። «አንቺ ልጅ፣ በስሜ ነው ገቢ የሆነው! ከነላስቲኩ ነው የፈረምኩት!»

«አይሆንም!» አሉ አቶ ኪዳነወልድ። «ፍጥነቱን ታጪዋለሽ! ሥልጠናው በሙሉ የተመሠረተው በ… በዚህ ነው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወቱ ተልጦ አይተው ያውቃሉ?»

አቶ ኪዳነወልድ የመጋዘኑን ጣሪያ ለጥቂት ጊዜ አጠኑት። «ዘመኑ ሌላ ነበር» አሉ።

አሰጋሽ ወደ ኤርምያስ ዞረች። «ቂርቆስስ?»

ኤርምያስ ወለሉን አየ፤ ከዚያ እሷን። «እሙ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ አላውቅም። ላጪው።»

ጠረጴዛው ፋብሪካችን ከገባ ወዲህ ከአሰጋሽ ሌላ አላውቅም የሚል ሰው ስንሰማ ይሄ የመጀመሪያችን ነው።

አሰጋሽ አውራ ጣቷን በራኬቱ ጠርዝ ላይ አስሄደች። ያ ጣት ቀኑን ሙሉ የብስኩት ላስቲክ የት እንደተያዘና የት እንደላላ ሲፈልግ የሚውል ጣት ነው፤ አፉን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። ሳበችው። ትርርርር አለ። የመጋዘኑ ብርድ ድምፁን አጎላው። ቀዩን ጨርሳ ጥቁሩን ላጠች። ሁለቱን ላስቲኮች አጥፋ ለጋሽ በሪሁን ሰጠቻቸው። ጋሽ በሪሁን ሳያስቡት በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «ተረክቤያለሁ» አሉ፤ ልማድ ነው።

«ዳኛ!» ብሎ የሱሉልታ አሠልጣኝ ተነሣ። «ዳኛ፣ ራኬቷን…»

ሁሉም ሰው ወደ እሱ ዞረ። ራኬት ላስቲክ ይኑረው ወይስ አይኑረው መናገር አለበት። የቡራዩ አሠልጣኝ እንዲናገር ጠበቀ። የመናገሻው አሠልጣኝ ጠበቀ። አቶ ኪዳነወልድ ከሁሉም በላይ ጠበቁ። የሱሉልታው ሰው ከንፈሩን አንቀሳቅሶ፣ «…በደንብ ይመርምሩልን ለማለት ነው» ብሎ ተቀመጠ።

ኤልቃና ራኬቱን ተቀበለ። በጣቱ መታው። ቋ አላለም፤ ጎማው ድምፁን ዋጠው። ኤልቃና ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ በዚያው በለመድነው ድምፅ፣ «ደንቡን ያሟላል» አለ።

መጀመር የአሰጋሽ ተራ ነው። ኳሷን ወርውራ መታች። ራኬቱ ኳሷን ይዞ ለቀቃት፤ እንደ ወፍ ሽቅብ ሄዳ ከጠረጴዛው ወዲያ ወደቀች። አስር ለሰባት። ሉሲ አንድ ነጥብ ብቻ ነው የቀራት።

ኦቦ ዋቆ ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ። ጋሽ በሪሁን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አሰጋሽ አልቸኮለችም። ራኬቱን እያገላበጠች አየችው፤ በመዳፏ ጎማውን ዳሰሰችው። ሻካራ ነው፣ ይይዛል። እንግዲህ የሚይዝ ከሆነ በቀጥታ አይመታም፤ ይታበሳል እንጂ።

«የእጅ አንጓ!» አሉ አቶ ኪዳነወልድ፣ ተስፋ ቆርጠው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ነበሩ። አሰጋሽ እጇን ከአንጓው አጥፋ ኳሷን ከሥር አበሰቻት። ኳሷ በራሷ ሜዳ ነጠረች፣ መረቡን በዝግታ ተሻገረች፣ በሉሲ ሜዳ ነጥራ ወደ ጎን ታጠፈች። ሉሲ ኳሷ ልትኖርበት የሚገባትን ቦታ በኃይል መታች። ኳሷ እዚያ አልነበረችም።

አስር ለስምንት።

ሉሲ ሁለቴ ጀመረች። ኳሷ እንደ ወትሮው ቀጥ ብላ ነው የመጣችው፤ ቀጥ ያለ ኳስ ደግሞ አሰጋሽ ከግድግዳ ጋር የለመደችው ነው። አንዷን ከታች ወደ ላይ አብሳ መለሰቻት፤ ከፍ ብላ ሄዳ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እንደተጠራች ሁሉ ጎንበስ አለች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። አስር ለአስር። ፈገግታው ከሉሲ ፊት ጠፍቶ ነበር፤ ራኬቷን ገልብጣ ቀዩን ፊት አየች፣ ጥቁሩን ፊት አየች።

«ጀባዱ!» አሉ ኦቦ ዋቆ፣ በርቺ ማለታቸው ነው። አጠገባቸው የነበሩት ዞረው አዩአቸው። ለማን እንዳሉት ራሳቸውም የተገረሙ ይመስላሉ፤ ከተፍኪ አንድ ሠራተኛ የሚያስቀር ጩኸት ነበር።

የአሰጋሽ ተራ መጣ። አበሰቻት። ሉሲ ነካቻት፣ መረብ። አስራ አንድ ለአስር። ሉሲ ጀመረች፤ ረጅም ተመላለሱ፣ የሚሰማው የኳሷ ቋ እና የጎማው ዱብ ብቻ ነበር። መጨረሻ ላይ ሉሲ ከፍ ያለች ኳስ ሰጠች። አሰጋሽ ጥግ ላይ አሳረፈቻት። አስራ ሁለት ለአስር።

ኤልቃና የእግር ኳስ ፍጻሜ እንደሚነፋ ሦስት ጊዜ ነፋ።

ሉሲ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ አቀፈቻት። «አንቺ ብስኩት» አለቻት፣ «ራኬቱን አሳይኝ እስቲ።» ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰችው። መለሰችላትና ወደ ወንበሯ ሄደች።

ዋንጫው ተሰጠ። «አንደኛ» ይላል፤ ኦቦ ዋቆ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ቃሌ ቃል ነው» አሏት። «ሰበታ።»

«ሰኞ ፈተና አለኝ» አለች አሰጋሽ። «ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ብወጣ።»

«እሱን ደግሞ ሌላ ዋንጫ ስታመጪ።»

ሳቀች። ከውድድሩ መጀመሪያ አንሥቶ ስትስቅ ያየናት ያኔ ነው። ዋንጫውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች።

ከዚያ የአሸናፊው ፋብሪካ አሠልጣኝ ለተሳታፊዎች ልምዱን እንዲያካፍል ተጋበዘ። አቶ ኪዳነወልድ ኮታቸውን ቆልፈው ተነሡ። በአንድ እጃቸው ማይክራፎኑን፣ በሌላው እጃቸው የአሠልጣኝ ተብሎ የወጣላቸውን ራኬት ያዙ።

«የተከበራችሁ የስፖርት ቤተሰቦች» አሉ። «ይህ ድል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ጊዜዬ ጀምሮ ያካበትኩትን ሳይንሳዊ ዘዴ ደረጃ በደረጃ…»

ከሱሉልታ ወንበር በኩል ትርርርር የሚል ድምፅ መጣ። ሉሲ ናት፤ ጎንበስ ብላለች።

«…ደረጃ በደረጃ ተግባራዊ በማድረግ፣ በተለይም የእጅ አንጓን በተመለከተ…»

ከቡራዩ ወንበር መጣ። ከመናገሻ ወንበር ሁለት መጣ፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም። የቡራዩ የንብረት ሠራተኛ እጁን ወደ ተጫዋቹ ዘርግቶ በአየር ላይ ተወው። አሠልጣኞቹ ሁሉ ጣሪያውን ያዩ ነበር፤ የሱሉልታ መጋዘን ጣሪያ በዚያን ቀን ያህል ታይቶ አያውቅም።

«…ጨዋታውን በሚያውቅ ሰው መሪነት…» አሉ አቶ ኪዳነወልድ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ከዳኛው ጠረጴዛ ሥር፣ ኤልቃና ለማሳያ ይዟት ከነበረችው ራኬት፣ ሰው እንዳይሰማው የሚጠነቀቅ ሰው የሚያሰማው ዓይነት ቀስ ያለ ትር… ትር… ተሰማ።  አቶ ኪዳነወልድ የሚሉትን ጨርሰው፣ ወይም ጠፍቷቸው፣ ቆመው ነበር፤ ሁለቱም እጆቻቸው ደረታቸው ላይ ተጠጋግተዋል። አውራ ጣታቸው፣ እሳቸው ሳያውቁት፣ የራኬቱን ጠርዝ ይዞ ሲፈልግ ቆይቶ አፉን አገኘ። ማይክራፎኑ ድምፁን አነሣውና በሁለቱም ድምፅ ማጉያ ለመጋዘኑ ሁሉ አሰማው።